ፀሐይ ላይ የሚበራ ፓውዛ፤ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ኧረ ለመሆኑ በዚህች በአዲስ አበባችን የአጥር መብራት ስንት እንደሚበላ ያሰላ ሹም አለ? ለቀልድ አይደለም የምጠይቀው። በሰፈሬ አንድ ትልቅ የመንግሥት ግቢ አለ፤ ስሙን እንተወው። አጥሩ ላይ የተሰቀሉትን ፓውዛዎች ቆጠርኳቸው፤ 60 ናቸው። የቆጠርኩት ታዲያ በሌሊት እንዳይመስላችሁ! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሁሉም ቦግ ብለው ነው።

«ለጥበቃ ነው» ይሉናል። መልካም፣ እንግዲያው እርሳስና ወረቀት ይምጣ።

አምፖል የሚቀይርላቸው ኤሌክትሪሺያን እንደነገረኝ እያንዳንዱ ባለ 400 ዋት ነው፤ ያ ቢጫ የድሮ ሶዲየም። ከአምፖሉ ጋር ያለው ባላስት ደግሞ የራሱን አንድ አሥረኛ ግድም ይበላል፤ ስለዚህ 440 ዋት በሉት። 60 ጊዜ ሲባዛ 26.4 ኪሎዋት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነንና ሌሊታችን ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት 317 ኪሎዋት ሰዓት፣ በዓመት 115 ሺህ 600 ያህል ማለት ነው። በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ቢኖር፣ የዚህ አጥር ፍጆታ 96 ቤት ዓመቱን ሙሉ ያበራል። የአጥር ብቻ! ቢሮው፣ ሊፍቱ፣ የሹሙ ማሞቂያ ገና አልተነካም።

በብር ስንት ነው ለምትሉ፣ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ስለተወሰነ ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም። እንዲህ እናስበው፤ ታሪፉ ላይ አንዲት ብር በተጨመረች ቁጥር የዚህ አጥር የዓመት ሂሳብ በ115 ሺህ 600 ብር ያድጋል። እኔ ቤት አንድ ብር ስትጨመር ምጣድ የሚጣድበት ቀን ይቀነሳል። እዚያ ግቢ ግን ማን ምን ቸገረው? የሚከፈለው ከበጀት ነው፤ በጀቱም የኔና የእናንተ ግብር ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!

ሲነጋ ባለመጥፋታቸው ብቻ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው የሦስት ሰዓት ጊዜ፣ በዓመት 28 ሺህ 900 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይን ለማገዝ ይባክናል። ለፀሐይ ድጎማ መሆኑ ነው እንግዲህ!

ሌላም ጉድ አለ። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ ስንፈልግ የግቢው ጄኔሬተር ማጓራት ይጀምራል፤ ፓውዛዎቹም መልሰው ቦግ ይላሉ። ናፍጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመስጠት ሲሶ ሊትር ግድም ይጠይቃል። ስለዚህ ለአጥሩ ብቻ በየሰዓቱ ዘጠኝ ሊትር ገደማ ይነዳል ማለት ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ናፍጣ።

5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ቦንድ የገዛው ሊስትሮው፣ ዘበኛው፣ ጡረተኛው ነው። ግማሽ የሚጠጋው የሀገሬ ሕዝብ ግን አሁንም መብራት የለውም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ!

ጥበቃ አያስፈልግም ያልኩ የሚመስለው ካለ ይሳሳታል። ሌባ እኔንም ያውቀኛል። ግን እነዚያ ፓውዛዎች ፊታቸውን ወደ መንገዱ ገልብጠው መንገደኛውን ያሳውራሉ፤ ከምሰሶው ጀርባ ያለው ጥግ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የግቢው ዘበኛ ራሱ «ዓይኔን ያጥበረብረኛል፣ ከጥላው ውስጥ ማን እንዳለ አላይም» ብሎኛል። ወደ መሬት ቢዘቀዘቁ በግማሹ አምፖል የተሻለ ይታያል።

መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። ሲመሽ የሚያበራ፣ ሲነጋ የሚያጠፋ ፎቶሴል የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። በሶዲየሙ ፋንታ ባለ 150 ዋት ኤልኢዲ ቢሰቀል ደግሞ ያው 60 ፓውዛ በሌሊት 108 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይበላል፤ ከሲሶው ብዙም አይርቅም።

እኔ የምለው፣ የየመሥሪያ ቤቱ የመብራት ሂሳብ በየወሩ በሩ ላይ ይለጠፍልን። የአጥሩ ለብቻው፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣም ለብቻው። የኛ ቆጣሪ ካርዱ ሲያልቅ ማንንም ሳያማክር ይቆርጣል፤ የነሱ ቆጣሪ የት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ እንኳ እስቲ ያሳዩን!