የሒሳብ ተማሪው ለምን መተማ አይወርድም?

የምህንድስና ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኢንተርንሺፕ ይወጣል። የሒሳብ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ይቀራል። «የት ሄዶ ምን ሊሠራ?» ይሉኛል። እኔ መተማ እላለሁ።

በየዓመቱ ከደጋው የቀን ሠራተኛ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ቋራ ይወርዳል። ሌሊት ግራር ሥር፣ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች፤ ካላዛር ልታስይዘው ትችላለች። በሽታው የሚታወቀው ግን ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ሰውየው አገሩ ገብቷል። የተያዘበትና የተመዘገበበት ቦታ ተለያየ ማለት ነው። ታዲያ አጎበሩ ለየትኛው እርሻ፣ በየትኛው ወር ይሂድ? ይሄ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሮናልድ ሮስ ወባን በቀመር ካሰላ እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው!

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ የሒሳብ ትምህርት ክፍልም አለው። የምጠይቀው ሁለቱን የሚያገናኝ የሁለት ወር ምደባ ነው፤ ከአበልና ከአማካሪ ጋር። (ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ የሰሊጥ ዋጋም ቢጨመር ደስ ይለኛል።) መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋ፣ የታካሚ ስም የወጣለት መረጃ ግቢ ድረስ ይምጣ።

«ውጭ አመልክቱ» የሚለው ምክርም አይከፋም። ሩዋንዳ ያለው አይምስና ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዕድል ይሰጣሉ፤ ሞክሩት። ግን ሁለቱም ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ናቸው፤ ማመልከቻውም እስካሁን ምን እንደሠራችሁ ይጠይቃል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለችው ተማሪ ምን ብላ ትጻፍ?