የወለቀ ጥርስ ሁሉ ጣራ ላይ አይወረወርም

በብዙ ቤት የልጅ ጥርስ መውለቅ የደስታ ነገር ነው። ልጁ የተነቃነቀውን ጥርስ በምላሱ ሲገፋ ሰንብቶ ሲወልቅለት ጣራ ላይ ይወረውረዋል፤ ቤተሰቡም «አደግህ» እያለ ይስቃል። ይህ ማንንም አይጎዳም። ጊዜውን ጠብቆ የወለቀ የወተት ጥርስ ሥራውን ጨርሶ ለተተኪው ቦታ ለቀቀ እንጂ ጉዳት ደረሰበት አይባልም። ችግሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ወድቆ የፊት ጥርሱ ሲሰበር ወይም ከነሥሩ ሲወልቅ፣ ያም ጥርስ እንደ ወተት ጥርስ ተቆጥሮ ሲጣል ነው። «ግድ የለም፣ ሌላ ይበቅላል» ይባላል። ነገር ግን ቋሚ ጥርስ ከወለቀ በኋላ ሌላ አይበቅልም።

በመሆኑም በዛሬው ዓምዳችን በልጆች ቋሚ ጥርስ ላይ ስለሚደርስ አደጋና እናቶች፣ መምህራንና ልጅ የሚጠብቁ ሁሉ ወዲያውኑ ሊያደርጉት ስለሚገባው እርዳታ እናወሳለን።

ከድድ የወጣ ጥርስ ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም

ሕፃን ከስድስት ወሩ ገደማ ጀምሮ የወተት ጥርስ ማብቀል ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ዓመቱ ሲጠጋ ሃያዎቹ ይሟላሉ። በዚሁ ጊዜ በመንጋጭላው አጥንት ውስጥ ቋሚዎቹ ጥርሶች በመሠራት ላይ ናቸው። በስድስት ዓመት አካባቢ የታችኞቹ የፊት ጥርሶችና ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ብቅ ይላሉ። በሰባትና በስምንት ዓመት ደግሞ የላይኞቹ ሁለት ትላልቅ የፊት ጥርሶች ይከተላሉ። በአደጋ ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዱትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ብዙ ወላጆች ልብ የማይሉት ነገር አለ። ይኸውም ጥርሱ ከድድ ወጥቶ ታየ ማለት ተሠርቶ አለቀ ማለት አለመሆኑ ነው። ሥሩ ረዝሞና ወፍሮ ጫፉ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እስከዚያው የሥሩ ግድግዳ ስስ፣ ጫፉም ክፍት ነው። ሥሩን የሚያሳድገው በጥርሱ መካከል ያለው፣ የደም ሥርና ነርቭ የያዘው ለስላሳ ክፍል ሲሆን በተለምዶ በአጭሩ «ነርቭ» ይባላል። ይህ ክፍል በአደጋ ከሞተ የሥሩ እድገት በዚያው ይቆማል። ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስለው ጥርስ ሥሩ አጭርና ስስ ሆኖ ስለሚቀር ከዓመታት በኋላ በቀላል ምት ሊሰበር ይችላል።

በሌላ በኩል የሥሩ ጫፍ ክፍት መሆኑ ጥሩ ጎን አለው። ደም እንደ ልብ ስለሚያገኝ፣ ቶሎ ሕክምና ከተደረገለት ነርቩ የመዳን ዕድሉ ከአዋቂ ጥርስ የበለጠ ነው። ዋናው ቁም ነገር ሳይዘገዩ መድረስ ነው።

ጉዳቱ ከሕፃንነት ሊጀምር ይችላል

ልጅ መራመድ ሲጀምር መውደቅ አይቀርለትም። ሲወድቅ የወተት ጥርሱ ወደ ድዱ ውስጥ ከሰመጠ፣ ከበላዩ በመሠራት ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊነካው ይችላል። ልጁ በዕድሜ ባነሰ መጠን ጉዳቱ ይከፋል። ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ቋሚው ጥርስ ሲወጣ ነው፤ ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይኖረዋል፣ ገለፈቱ የተቦረቦረ ይሆናል፣ አንዳንዴም ተጣሞ ወይም ዘግይቶ ይወጣል። የሰመጠውን የወተት ጥርስ በጣት ለመጎተት መሞከር አይገባም፤ በአብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ ራሱ ተመልሶ ይወርዳል። ከነሥሩ የወለቀ የወተት ጥርስም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ቋሚውን ይጎዳዋልና። በሁለቱም ጊዜ ግን ልጁን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ከመውደቅ ሌላ በገዛ እጃችን የምናደርሰው ጉዳት አለ። ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስመልሰው በድዱ ላይ የሚታየውን እብጠት «ግግ ነው» ብሎ በስለት ማስወጣት በገጠር ብቻ ሳይሆን ከተማ ውስጥ በሚኖሩ ቤተሰቦችም ዘንድ ይታያል። ያ እብጠት ግን በሽታ አይደለም፤ ለመውጣት የሚዘጋጅ የክራንቻ ጥርስ ነው። ስለቱ የወተቱን ክራንቻ ከማጥፋቱም በላይ ከሥሩ ያለውን የቋሚውን ክራንቻ ጽንስ ሊቆርጠው ወይም ሊያበላሸው ይችላል። የደም መፍሰስ፣ የደም መመረዝና መንጋጋ ቆልፍም ሊከተሉ ይችላሉ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተሰቦችን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጉዳት በልጆቹ አፍ ውስጥ አይተው መዝግበዋል። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ በጎጂ ልማድ በሕፃናት ላይ የሞት ወይም የአካል ጉዳት የሚያደርስን ሰው ይቀጣል። የሚያስቀምጠው ሕፃን የሚያስፈልገው የእናት ጡት፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ምርመራ ነው።

ጥርሱ የተሰበረ እንደሆነ

ዓለም አቀፉ የጥርስ አደጋ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ እንደገለጸው፣ ከተማሪዎች 25 በመቶ የሚሆኑት የጥርስ አደጋ ይደርስባቸዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ኳስ ሲጫወቱ መጋጨት፣ ከዥዋዥዌ ወይም ከብስክሌት መውደቅ፣ የፎቅ ደረጃ እየዘለሉ መውረድ፣ ከቧንቧ ጎንበስ ብሎ ውሃ ሲጠጡ ከኋላ መገፋት የዘወትር ነገሮች ናቸው።

ጥርስ ሲሰበር ስባሪው ተፈልጎ በንጹሕ ውሃ ወይም በወተት ውስጥ ተደርጎ ከልጁ ጋር ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂድ። ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ስባሪውን መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። ከንፈሩ የተተረተረ እንደሆነ ስባሪው እዚያ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

በስብራቱ መካከል ቀይ ነጥብ ወይም ደም ከታየ ነርቩ ተጋልጧል ማለት ነው። ይህን አይቶ «በቃ፣ ይነቀል» ማለት ትክክል አይደለም። በስዊድን አገር ሚዮሚር ስቬክ የተባሉ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ነርባቸው በተጋለጠ 60 የፊት ጥርሶች ላይ የተጎዳውን ጥቂት ክፍል ብቻ አንስተው ቀሪውን በመድኃኒት ሸፍነውት 96 በመቶ ያህሉ ድነዋል። ነርቩ ከዳነ ሥሩ ማደጉን ይቀጥላል። ስለዚህ እናት ሐኪሙን «ይህን ጥርስ ማትረፍ ይቻላል ወይ?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው።

ከነሥሩ የወለቀ እንደሆነ

ከሁሉም ይበልጥ አስቸኳይ የሆነው ይህ ነው። ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ሲወልቅ ከአጥንቱ ጋር ያያይዙት የነበሩ ስስ ጅማቶች ሥሩ ላይ ተለጥፈው ይወጣሉ። እነርሱ በሕይወት ካሉ ጥርሱ ወደ ቦታው ሲመለስ ይጸናል። በደረቅ ሁኔታ አንድ ሰዓት ከቆዩ ግን ይሞታሉ። ጥርሱን በሶፍት ወይም በመሐረብ ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መክተት ይህንኑ ሞት ማፋጠን ነው። መደረግ ያለበት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ልጁን ማረጋጋት። ራሱን ከሳተ፣ ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ግራ ከተጋባ፣ ከጥርሱ በፊት ጭንቅላቱ ያሳስባልና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሁለተኛ፣ ጥርሱን ፈልጎ ከድድ በላይ ይታይ የነበረውን ነጩን ክፍል ብቻ መያዝ። ሥሩን መንካት፣ መፋቅ ወይም መጥረግ አይገባም።

ሦስተኛ፣ አፈር ከነካው በወተት ወይም በልጁ በራሱ ምራቅ፣ ከጠፋ ደግሞ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ማለቅለቅ። ሳሙናና አልኮል አይነካውም።

አራተኛ፣ የፊቱ ገጽ ወደ ፊት መሆኑን አይቶ በቀስታ ወደ ጉድጓዱ መመለስና ልጁ ንጹሕ መሐረብ እንዲነክስበት ማድረግ። ይህ ቢያስፈራም ከሁሉም የተሻለው እርዳታ ነው።

አምስተኛ፣ መመለስ ካልተቻለ ጥርሱን ቀዝቃዛ ወተት በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማስገባት። ትኩስ ወተት አይሆንም፤ እርጎም ኮምጣጣ ስለሆነ አይሆንም። ወተት ከጠፋ ልጁ ብርጭቆ ውስጥ ይትፋና ጥርሱ በምራቁ ውስጥ ይቀመጥ። ውሃ ከደረቅ ይሻላል እንጂ ወተትን አይተካም።

ስድስተኛ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ።

ሐኪሙ ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ ለሁለት ሳምንት ያህል ያስረዋል፤ መድኃኒት ያዝዛል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ማስፈለጉንም ያያል። አንድ ሰዓት አልፏል ተብሎም ተስፋ አይቆረጥም። ዘግይቶ የተመለሰ ጥርስ ዕድሜው ሊያጥር ቢችልም ቦታውንና አጥንቱን ጠብቆ ያቆያል። ልጁ አድጎ ሳይጨርስ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ስለማይደረግለት፣ እነዚያ ዓመታት ቀላል አይደሉም።

ሕመሙ ቆመ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

የተመታ ጥርስ ከወራት በኋላ ሳያም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ሁሉ እየቀረቡ በራጅ ማሳየት ያስፈልጋል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀጠሮ መዝለል ብዙ ያስከፍላል። የጥርሱ መልክ ከጠቆረ፣ ድዱ ካበጠ ወይም እንደ ብጉር ያለ ነገር ከወጣበት ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ ነው። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ ይብላ፤ ጥርሱንም በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሽ። ያመዋል ተብሎ አፉ ሳይጸዳ ከቀረ ቁስሉ ያመረቅዛል።

አደጋን ሁሉ መከላከል ባይቻልም መቀነስ ይቻላል። የለስላሳ ቆርኪ በጥርስ መክፈትን መከልከል፣ በብስክሌትና በኳስ ጊዜ መጠንቀቅን ማስተማር ይጠቅማል። የላይኛው ጥርሱ ገጣጣ የሆነ ልጅ ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ አስቀድሞ ለሐኪም ቢታይ መልካም ነው።

በመጨረሻም ሠራተኛ እናቶች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አደጋው ሲደርስ እናት አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ገበታዋ ላይ ናት። ያቺን አንድ ሰዓት በእጃቸው የሚይዟት የክፍል መምህሩ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ቤት ያለችው ሞግዚት ወይም አያት ናቸው። እናት ተጠርታ እስክትደርስ ከተጠበቀ ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ ሦስቱን ነገር ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ጥርሱን በነጩ በኩል ይያዙት፣ ወደ ቦታው ይመልሱት፣ ካልሆነም ወተት ውስጥ ያስቀምጡት። በወላጆች ስብሰባ ላይም ጉዳዩን አንሡት። ለአንድ ብርጭቆ ወተት የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው ጥርስ ግን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሚስቅበት ነው።