ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት

የበዓል ሰሞን ሸማ ተራን ያላየ ሰው መርካቶን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቡልኮው፣ ባለ ጥለቱ የሐበሻ ቀሚስ በየመደብሩ ደጃፍ ተሰቅሎ መንገደኛው አንገቱን ደፋ እያደረገ ነው የሚያልፈው። አንዷ ጥለት ታስገለብጣለች፤ ሌላዋ ዋጋ ሰምታ "ወይኔ!" ብላ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፤ ተሸካሚው "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ይላል። ከዚህ ሁሉ ትርምስ መካከል ታዲያ አፍንጫን ጎተት የሚያደርግ ነገር አለ። ጥቁር አዝሙድ ነው። ቤታቸው የጋገሩትን አምባሻና የቆሉትን ዳቦ ቆሎ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ለባለሱቆቹ የሚያዞሩ እናቶች ሲያልፉ የሚተዉት ሽታ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሽታ ነው። "አገር በስንት ነገር ተወጥራ ስለ አምባሻ ትጽፋለህ?" የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ይበል። ፖለቲካችን ሁሉ ተገላብጦ ተገላብጦ የሚያርፈው እናቶቻችን ምጣድ ላይ መሆኑን ካላየን ምኑን ፖለቲካ አወራነው? (ወንድ ልጅ ስለ ዳቦ ምን ያውቃል የሚል ካለም ተሳስቷል። እኔ በዕድሜዬ ከብዕር ይልቅ ብዙ ጊዜ ያነሳሁት አክንባሎ ነው።)

መከራ የበዛበትን ሰው "እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም እሳት ከታችም እሳት ነደደበት" እንላለን። ድሮ ተረቱ ስለ ሰው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ ድፎው ራሱ ላይ ደረሰ። የቤት ዳቦ ከአዲስ አበባ ቤቶች እየወጣ ነው፤ የሚያስወጣው ደግሞ "ዘመናዊነት" አይደለም። እናቶቻችን መጋገር ሰልችቷቸው፣ ልጆቻችንም የዳቦ ቤት ዳቦ አምሯቸው ቢሆን ኖሮ ምንም ባላልኩ። አቅቷቸው ነው የተዉት።

ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚሠራ የማታውቁ ካላችሁ (ኮንዶሚኒየም ያደጋችሁት ማለቴ ነው) ልንገራችሁ። ዱቄቱ በዋዜማው ከእርሾው ጋር ይቦካል። ከዚያ ሊጡ ይሸፈንና ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። የሚሸፈነው በምን መሰላችሁ? በአሮጌ ጋቢ! የሸማ ተራ ጋቢ የመጨረሻ ሥራው ይኼ ነው፤ አባወራው ለብሶት ለብሶት ሲሳሳ ሊጥ ይለብሰዋል። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ከላይ ሌላ ኮባ ይለብሳል፣ አክንባሎ ይደፋበታል። በእንጨት ዘመን አናቱም ላይ ፍም ይደረግ ነበር፤ ተረቱም የመጣው ከዚያ ነው። ትልቅ ድፎ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቶሎ ከወጣ ሆዱ ሊጥ ነው፤ ከዘገየ ቂጡ ያራል። ይህን የምታውቀው ደግሞ በሰዓት አይደለም፣ በሽታው ነው። እናቴ ጎረቤት ቡና እየጠጣች "ደርሷል፣ ሂድ አውጣው" ትለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በበዓሉ ጠዋት ትልቅ ሰው ተነስቶ ይባርካል፣ ይቆርሳል፤ ከጎረቤት እስከ ዘበኛ ይደርሰዋል። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ሙልሙል ይጋገራል፤ ሆያ ሆዬ ለሚሉት ልጆች ይታደላል፤ ክርስትና ልጅ ያለውም ሙልሙሉን ይልካል። አሁን አሁን ሙልሙሉ ብር ሆኗል። ልጆቹም አጨፋፈራቸውን ሳይጨርሱ እጅ እጃችሁን ነው የሚያዩት። የመርካቶ ነገር ደግሞ የሁላችንም ነው፤ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች በሆኑበት ሰፈር የረመዳን ሰሞን ከየቤቱ የሚወጣው ሳምቡሳና ሙሸበክ፣ የዒድ ጠዋት የሚቆረሰው ዳቦ ሃይማኖት ሳይጠይቅ ነው ከደጅ ደጅ የሚዞረው። የልደት ኬክ ቤቷ የምትጋግር እናትማ አሁን እንቁላሉንና ቅቤውን ስትቆጥር ልጁ ዘንድሮ ባይወለድ ሳትል አትቀርም።

እንግዲህ ወደ እሳቱ እንግባ። በመጀመሪያ ከላይ ያለው።

የዩክሬን ጦርነት በየካቲት 2014 ሲፈነዳ የስንዴ ዋጋ በዓለም ሁሉ ጣሪያ ነካ ተባልን፤ እውነት ነበር፣ አመንን። ልክ በዓመቱ፣ በየካቲት 2015፣ ኢትዮጵያ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች ተብሎ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተበሰረ። እሰየው አልን። አገር ስንዴ ተርፏት ከላከች የኛም ዱቄት ይረክሳል ብለን ጠበቅን። ይኸው እየጠበቅን ነው! በሐምሌ 2016 ደግሞ ብር በገበያ ይወሰን ተባለና ዘይቱም ስኳሩም ከዶላሩ ጋር አብሮ ሽቅብ ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሹማምንቱን ስለ ዳቦ ብትጠይቋቸው የሚመልሱላችሁ በሰዓት ነው። በሰኔ 2012 የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮናል። ፋብሪካውን አልነቅፍም፤ ጠዋት ሰልፍ ይዞ ልጆቹን በዚያ ዳቦ ትምህርት ቤት የሚልክ ስንት ሰው አለ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መንግሥት ለዓመታት ስንዴን ሲደጉም ድጎማው የሚሄደው ወደ ዱቄት ፋብሪካና ወደ ዳቦ ቤት ነበር። ቤቷ የምትጋግረዋ እናት ግን ያንኑ ዱቄት በኪሎ ከሱቅ በገበያ ዋጋ ነው የምትገዛው። በመንግሥት ዓይን ዳቦ የሚባለው ከፋብሪካ ሲወጣ ብቻ ነው እንዴ? ከምጣድ የወጣው ምንድን ነው፣ ጌጥ ነው?

ከሩቅ አልሄድም፣ ዓባይን ተከትዬ ግብፅ ልድረስና ልመለስ። ግብፆች ዳቦን "ዐይሽ" ይሉታል፣ ሕይወት ማለት ነው። የድጎማውን ዳቦ ዋጋ ከ30 ዓመት በላይ ሳይነኩት ቆይተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ነው ከ5 ወደ 20 ፒያስትር ያወጡት። መንግሥታቸው የሚመሰገን ሆኖ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የዳቦው አመፅ ያስተማረውን ስላልረሳ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በዘረጉት አሠራር ባለ ካርዱ በቀን 5 ዳቦ መውሰድ ወይም በምትኩ ዱቄት መውሰድ እንዲመርጥ አድርገዋል። ቤቱ የሚጋግር ሰው መኖሩን አስበዋላ! የኛዎቹ ለዚህ አልታደሉም።

የታችኛው እሳት ደግሞ መብራት ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአማካይ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ብንቆጥር ከ300 በላይ አምፖል በአንዴ እንደማብራት ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለ4 ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። አከፋፈሉም በእርከን ስለሆነ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛው ዋጋ ይከፍላል፤ እናትየዋ ለበዓል ስትጋግር ከእርከኗ ዘላ ወጣች ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጨው ግድባችን ሲመረቅ አብረን አልቅሰናል፣ ደስ ብሎናል፣ ለቦንዱም ከደመወዛችን አዋጥተናል። ግን ውኃው ጉባ ላይ ተርባይኑን ማዞሩ ብቻ አይበቃም። በበዓል ዋዜማ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጣድ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አይችልም፤ ይወድቃል። ችግሩ ያለው እኛ ደጃፍ፣ ያረጀው መስመርና ሸክሙ የበዛበት ትራንስፎርመር ላይ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በየበዓሉ እዚያው ሰዓት ላይ እኮ ነው የሚጠፋው!

ሸማ ተራ ውስጥ አምባሻ የሚያዞሩ አንዲት እናት ጠይቄያቸው ነበር። ዕድሜያቸው ከስልሳ ይዘላል።

"እማማ፣ ለበዓሉ ድፎ ደፉ?"

"ምን ደፋሁ ልጄ፣ ደፋኝ እንጂ!" አሉኝ። "ግማሽ ላይ መብራት እልም። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። አክንባሎውን ባነሳው አናቱ ሰምጧል። ተሸክሜ ዳቦ ቤት ሮጥኩ፣ እዚያ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ትሪውን ይዞ ተሰልፏል።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ምን አደርጋለሁ፣ ገዝቼ ገባኋ! ባለቤቴ ነፍሳቸውን ይማርና ይህን ሳያዩ አረፉ።"

እኚህ እናት አምባሻውን የሚጋግሩት ለቤታቸው በሚጋግሩበት ምጣድ ነው። ለልጅ ልጆቻቸው ሁለት አስቀርተው የቀረውን ወደ ሸማ ተራ ይዘው ይወጣሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራን እሳት ሲበላው አብሮ የጠፋው የጋቢና የነጠላ ክምር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእሳት አደጋ መኪና ማስገቢያ በጠፋበት በዚያ ጠባብ መንገድ ቆመው ያለቀሱት ባለሱቆች የእርሳቸው ደንበኞች ነበሩ። "የዱቤ መዝገቤ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው" አሉኝ፤ "ግን የተቃጠለበትን ሰው እንዴት ብዬ የአምባሻ አምጣ እላለሁ?" የዱቤውን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሱትም። በወሩ ደግሞ መርካቶ በደረሰኝ ጉዳይ ተናጠ፤ ሱቆች ተዘጉ። የአምባሻ ደረሰኝ አምጪ ባለመባላቸው ፈጣሪያቸውን ያመስግኑ።

የቤቱን ነገር ሳልነካ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ዲዛይኑን የሠሩት ሰዎች ቢያንስ አንድ ነገር አስበው ነበር፦ በየግቢው እንጀራና ዳቦ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ መገልገያ ሕንፃ። ዛሬ ያ ሕንፃ የት ደረሰ ብላችሁ የየግቢያችሁን ኮሚቴ ጠይቁ። አንዱ ጋ ተቆልፏል፤ ሌላው ጋ ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ አልጋና ምጣድ ጎን ለጎን አድርጎ ድፎ መድፋት እንዴት ይሆናል? ከመሃል ከተማ በልማት ተነስቶ ዳር የወጣው ሕዝብ የተነጠቀው ቤቱን ብቻ መስሎን ነበር። ለካ ሊጡ ሲተርፍ የሚያበድር፣ ምጣዱ ሲሰበር "ነይ እኔ ጋ ጋግሪ" የሚል ጎረቤትም አብሮ ቀርቷል።

እንግዲህ ተናግረህ ተናግረህ ምን ይደረግ ነው የምትለው የሚል አይታጣም። የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። በየወረዳው ያለው የሸማቾች ማኅበር ዱቄት ሲመጣለት ለዳቦ ቤት ከማካፈሉ በፊት ለቤተሰብ 5 ኪሎ፣ 10 ኪሎ ይሽጥ፤ በዓል ሲደርስ ብቻ ሳይሆን በየወሩ። የጋራ መገልገያ ሕንፃዎቹ ይከፈቱ፣ ምጣድና ቆጣሪ ይግባላቸው፤ የሚጋግር ሰው በተራው ከፍሎ ይጋግር። የመብራቱ ሰዎች ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር "ኅብረተሰቡ ኃይል በቁጠባ እንዲጠቀም" የሚል ማስታወቂያ ከማስነገር ይልቅ የየትኛው ሰፈር ትራንስፎርመር በየበዓሉ እንደሚወድቅ መዝገባቸው ላይ ስላለ አስቀድመው ይቀይሩት። ካልቻሉም የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ በዋዜማው ይንገሩን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጋግሩ ከተባለም እናቶቻችን ይነሳሉ፤ ሊጡ እንደሆነ ጋቢውን ለብሶ ይጠብቃል።