ልጆቻችን የሚጽፉትን ከማን ይስሙ?

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሥራ አንደኛ ክፍል በአብዛኛው የአገሪቱ ሥነ ጽሑፍ የሚነበብበት ዓመት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ የሚማሩ የእኛ ልጆች በዚያ ዓመት አንድ የቤት ሥራ ይዘው ይገባሉ፤ ግጥሞችና ድርሰቶች አንብበው «አሜሪካዊ ማን ነው? እኔስ?» ለሚለው ጥያቄ የራሳቸውን ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይታዘዛሉ። ለሒሳብና ለኬሚስትሪ አስጠኚ የሚቀጥረው ወላጅ ይህን የቤት ሥራ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ግጥም እንጀራ አይሆንም ይላል። ልጁ በሚኖርበት አገር ማን ሆኖ እንደሚቆም የሚጠይቀው ግን ሒሳቡ ሳይሆን ይኸኛው ነው።

ጥያቄው አገሪቱ ራሷ ስትሟገትበት የኖረች ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ጁላይ 5 ቀን 1852 ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ቆሞ፣ የነጻነት በዓላችሁ ለባሪያው ምኑ ነው ሲል ጠየቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዋልት ዊትማን አሥራ ሁለት ግጥሞች ብቻ የያዘውን መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ብሩክሊን ውስጥ አሳተመ፤ በኋላ በጨመራቸው ግጥሞችም አናጺውንም፣ ጀልባ ነጂውንም፣ ልብስ የምትሰፋዋንም ልጃገረድ የአገሪቱ ዘማሪ አደረጋቸው። ላንግስተን ሂውዝ ደግሞ በ1926 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚባለው ጥቁር ወንድም ነገ ከማዕዱ እንደሚቀመጥ በጥቂት ስንኞች ለዊትማን መለሰለት። ይኸው ሂውዝ ፋሺስት ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያ ላይ ስትዘምት ስለ አገራችን ግጥም ጽፏል። ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ መጽሐፉን የሚገልጡት በሌላ ዓይን ነበር።

ጎበዝ መምህር እነዚህን ጽሑፎች ለየብቻ አያስነብብም፤ ያነጋግራቸዋል። ኤማ ላዛረስ በ1883 የነጻነት ሐውልት የሚቆምበትን መሠረት ለማሠሪያ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ብላ፣ ደክሟቸው የሚመጡትን ስደተኞች በእናት ድምፅ የሚቀበል ግጥም ጻፈች። ይህን ግጥም ብቻ ያነበበ ተማሪ አገሪቱ በሯን ለሁሉ ከፍታ የኖረች ይመስለዋል። ግጥሙ ከመጻፉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1882፣ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። ከ1910 እስከ 1940 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ኤንጀል አይላንድ በምትባል ደሴት ቻይናውያን ስደተኞች እየታገቱ ይመረመሩ ነበር፤ ከፊሎቹ ሳምንታት፣ ከፊሎቹ ወራት። ቁጭታቸውንና ናፍቆታቸውን በቻይንኛ ግጥም አድርገው በታገቱበት ቤት የእንጨት ግድግዳ ላይ ፈለፈሉት። ቤቱ ሊፈርስ ሲል በ1970 አንድ የፓርክ ጠባቂ ጽሕፈቱን ልብ አለ፤ ከ200 በላይ ግጥሞች ተመዝግበዋል። የክልከላው ሕግ የተሻረው በ1943 ነው።

የላዛረስን ግጥም፣ የ1882ቱን ሕግና የደሴቷን ግድግዳ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋ ተማሪ፣ አሜሪካዊነት ለአንዱ በግብዣ፣ ለሌላው በሙግት የተገኘ መሆኑን ማንም ሳይሰብክለት ያየዋል። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ጽሑፍ በዚያ ሙግት ውስጥ የራሱ ቃል ይሆናል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ይህ ይመስለኛል።

ሁሉም ግን ይህን አይወድም። ጄምስ ቦልድዊን በ1963 ለኒውዮርክ መምህራን ባደረገው ንግግር፣ የተማረ ልጅ ያስተማረውን ኅብረተሰብ ራሱን መመርመር እንደሚጀምርና ኅብረተሰብ ደግሞ እንዲህ ላለው ሰው እንደማይጓጓ ተናግሯል። በ2023 በፍሎሪዳ፣ ማያሚ ዴድ ካውንቲ፣ አማንዳ ጎርማን በፕሬዚዳንት ባይደን በዓለ ሲመት ላይ ያነበበችው ግጥም በአንድ ወላጅ አቤቱታ ምክንያት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከታችኛው ክፍል ልጆች መደርደሪያ ተነሥቷል። አንድ ወላጅ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ በወላጅ ስብሰባ ላይ የማንታየው እኛ ዝምታችን ምን እንደሚያስከፍል ማሰብ አለብን።

በክፍል ውስጥም ጉድለት አለ። መግቢያ፣ ሦስት አንቀጽ፣ መደምደሚያ የሚለው የፈተና ቅርጽ የልጁን ሐሳብ ገና ሳይወለድ ይቀርጸዋል። መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ስደተኛ ልጅ የቤተሰቡን ገመና በክፍል ፊት እንዲያነብ መገደድ የለበትም። ግጥም እዚህ ላይ ይረዳል፤ የማይነገረውን በሌላ ሰው አፍ ለመናገር ያስችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቤታችን ነገር ነው። ልጁ «አባዬ፣ እንዴት ነው የመጣኸው?» ሲል «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» እንላለን። በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣው አይናገርም። በዲቪ የመጣው፣ አገር ቤት መምህር ሆኖ እዚህ ታክሲ የነዳው አይናገርም። አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የመጣችው እናትም እንዲሁ። ምክንያት አለን፤ ያማል፤ ልጁ እንዳያዝን እንፈራለን፤ በፖለቲካ የተከፋፈልን ስለሆንን የማን ወገን ነበርክ መባሉንም እንሸሻለን። አማርኛው ለልጁ፣ እንግሊዝኛው ለእኛ አልበቃ ሲል ደግሞ ታሪኩ መሐል ላይ ይቀራል።

በዚህ የተነሣ ልጁ የሚጽፈው ስለ ዶሮ ወጥ፣ ስለ ቡናና ስለ ታታሪ ወላጆቹ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ማንም ልጅ ሊጽፈው የሚችል ነው። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት ማመልከቻ ከ650 ቃላት ሳያልፍ እንዲመለሱ ከሚያቀርባቸው የድርሰት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ማንነትና ስለ አስተዳደግ የሚጠይቅ ነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ እናቱ ወረፋ የጠበቀችበትን ከተማ ስም፣ አባቱ መጀመሪያ የተቀጠረበትን ሥራ፣ አገር ቤት ሳይጨርሰው የቀረውን ትምህርት አያውቅም። መምህር ይህን ሊሰጠው አይችልም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ አሥራ አንደኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ። በሰንበት ቡና ሲፈላ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀላችሁም ቢሆን፣ የመጣችሁበትን መንገድ ከነቦታው ከነዘመኑ ንገሩት። የማይነገረውን አቆዩት፤ የሚነገረው ብዙ ነው። በትምህርት ቤቱ የወላጅ ስብሰባም ላይ ተገኙና በእንግሊዝኛው ክፍል ምን እንደሚነበብ ጠይቁ።