ጭላዳ ለፕሮፋይል

በመንዟ መሐል ሜዳ ያደገ ወጣት የቴሌግራም ፕሮፋይሉን የሚያብለጨልጭ ልብና በአገሩ የማይበቅል አበባ ያለብሰዋል። ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ግን ጓሳ አለ፤ የጭላዳ ዝንጀሮና የቀይ ቀበሮ አገር።

በወጣቱ አይፈረድም። ልቡም አበባውም ተዘጋጅቶ ይመጣለታል፤ የመንዝን የሚያዘጋጅለት ነው የጠፋው።

ወንዱን ጭላዳ ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ ዙሪያውን ጎፈሩ እንደ ካባ ይወርዳል። ይህ ቀለም ጥፍር በምታህል ክብ ውስጥ እንኳ ከሩቅ ይለያል። ፕሮፋይል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ቀላል ቅርጽና የጎላ ቀለም። ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ባናም አያንስም፤ ሸካራ ገጹ በስልክ ተነሥቶ ከፊት ምስል ጀርባ ቢነጠፍ የትኛውንም ብልጭልጭ ያስንቃል።

ለዚህ ፎቶሾፕ የግድ አይደለም፤ እሱ በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርቦ ዛሬም ያስከፍላል። ጊምፕ የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ግን በነፃ ይገኛል። ባናው በአንድ ሌየር (ንብርብር) ይነጠፋል፣ ፊት ተቆርጦ በላዩ በሌላ ሌየር ይቀመጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥጉ ላይ ነው፤ ቴሌግራም አራት ማዕዘኑን ፎቶ በክብ ስለሚያሳየው እዚያ የተጻፈ ስም ይቆረጣል።

ፎቶ ማስጌጥ ደግሞ ዛሬ አልመጣም፤ የድሮ ፎቶ ቤቶች ከደንበኛው ጀርባ ሥዕል ያለበት ሸራ ይዘረጉ ነበር።

የመሐል ሜዳ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ ፎቶ ቤቶች የሠርግ ካርድ የሚሠሩበትን ኮምፒውተር እስቲ አንድ ከሰዓት ለጭላዳና ለባና ያውሉት።