ሁለት ዲስክ አለን ብላችሁ አትተኙ

ዛሬ ስለ ኤርፖርት ወረፋ አላማርርም። "ቤት ውስጥ ባክአፕ ሰርቨር ላቆም ነው፣ ሬይድ ስንት ላድርገው?" ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በአንዴ ልመልስ።

ሬይድ 1 ማለት ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ሲይዙ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ሬይድ 5 ቢያንስ 3 ዲስክ ይፈልጋል፣ የአንዱን ሞት ይችላል። ሬይድ 6 ከ4 ጀምሮ ነው፣ ሁለት ቢሞቱም ይችላል። ይኼ ሁሉ ግን ለእኔ ትርፍ ጎማ ነው። ጎማ ቢፈነዳ ያደርሳችኋል፤ መኪናው ከተሰረቀ ትርፍ ጎማውም አብሮ ሄዷል።

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ከሥራ ገብቼ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ የማይነካውን ፎልደር አጠፋሁት። ሬይድ 1 ነበረኝ። ታማኝ ነውና በዚያችው ቅጽበት ከሁለተኛው ዲስክም ላይ አጠፋልኝ! አባቴ በስልክ ሲመርቀኝ የቀዳኋቸው ድምፆች እዚያ ውስጥ ነበሩ። እህቴ ቤት የተረሳ አሮጌ ዲስክ ላይ የቆዩትን አገኘሁ። የመጨረሻው ዓመት ግን የለም። አባቴም የለም።

ስለዚህ ለብዙዎቻችን 4 ዲስክ የሚይዝ ሣጥን ትርፍ ወጪ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ዲስክ በሬይድ 1 ይበቃል፤ የተረፈው ብር ከቤት ውጭ ለሚቀመጥ ዲስክ ይዋል። (ክላውድም ያው ከቤት ውጭ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያው ካልከበዳችሁ።) ሬይድ 5 ላይ አንድ ትልቅ ዲስክ ሲሞት አዲሱን መልሶ ለመሙላት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የቀሩት ያለ እረፍት ይነበባሉ። በአንድ ቀን የተገዙ እኩዮች ከሆኑ ደግሞ ድካማቸውም እኩል ነው።

ስትገዙ ሲኤምአር መሆኑን አረጋግጡ። ኤስኤምአር የሚባለው መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሚደራርብ አንዱን ለማደስ ጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ አለበት፤ ሬይድ ውስጥ ሲገባ ይንቀራፈፋል። ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2020 ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ካሉት ሬድ ዲስኮቹ አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያመነው ገዢዎች ከጮኹ በኋላ ነው።

እኔ አሁን ከሰርቨሩ ሌላ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች አሉኝ፣ ሁለቱም በይለፍ ቃል የተቆለፉ። በየወሩ እህቴ ጋ ቡና ልጠጣ ስሄድ አንዱን አስቀምጬ ሌላውን አመጣለሁ። ከመውጣቴ በፊት ሦስት አራት ፋይል ከፍቼ አያለሁ፣ አንዱ ሁልጊዜ የአባቴ ድምፅ ነው።