ስለ አረማመድና ስለ ጉልበት ሕመም

በብዙ ቤት እናት ወይም አባት ጉልበታቸውን ያመማቸው እንደሆነ «እርጅና ነው» ብለው ከቅዳሴ ይቀራሉ። ልጅም ሮጦ ሲመለስ ጉልበቱን ቢያመው «ሩጫውን ተው» ይባላል። ነገር ግን ሕመም ሁሉ ከዕድሜ ወይም ከሩጫ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አንዳንዱ ከአረማመድ ጉድለት ነውና፥ ከመተው በፊት ማረም ይገባል።

ፈጣሪ አንዱን የእግር መርገጫ ከ26 አጥንቶች አያይዞ ሠርቶታል። በሩጫ ጊዜ በዚህ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። እርምጃውን ከመጠን በላይ የሚያስረዝም ሰው ተረከዙን ከሰውነቱ አርቆ ወደ ፊት ይተክላል፤ ጉልበቱም ተገትሮ ሳለ ያን ኃይል ይቀበላል። ይህም ፈረስን እያስጋለቡ ልጓሙን እንደ መሳብ ነው።

ስለዚህ እርምጃን ጥቂት ማሳጠርና ቶሎ ቶሎ ማንሣት ይጠቅማል። ሯጭ የሆነ ልጅ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ ይቁጠር፤ 160 ቢሆን ፍጥነቱን ሳይጨምር ወደ 168 ያድርሰው። ይህን ያህል ለውጥ የጉልበትን ሸክም እንደሚያቃልል በምርመራ ታውቋል። ሆኖም በአንድ ቀን አይሁን፤ ድንገተኛ ለውጥ የባትንና የተረከዝን ጅማት ይጎዳል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

መፍትሔውን በጫማ ብቻ የሚፈልግም አለ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ተጫምቶ ማራቶንን ማሸነፉን እናስታውስ።

ለአረጋውያን ደግሞ አንድ ቁም ነገር አለ። ብዙዎች ምርኩዛቸውን በሚያማቸው እግር በኩል ይይዛሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በግራ እጁ ይያዝ፤ ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ወደ ፊት ይሂዱ። ቁልቁለትም ሲወርድ እርምጃውን ያሳጥር።

ጉልበት ካበጠ፥ ከጋለ፥ ሌሊት እንቅልፍ ከነሣ፥ ወይም ከወደቁ በኋላ መርገጥ ካስቸገረ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጠበል መጠመቅ ሐኪም መጠየቅን አይከለክልም። ስለ ስግደትም የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን አስተምሮናል። ማደሪያውን መጠበቅ የባለቤቱን ክብር መጠበቅ ነው። በመጪው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አረጋውያንን አታስቸኩሉ፤ በእነርሱ እርምጃ አብራችሁ ሂዱ። እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ።